በስተቀኝ ባዶ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ፣
ከድልድዩ በፊት ወደ ግራ ነው መንገዱ፤
ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ የብረት በር ገፍቶ፣
ማሽኔን ያገኛታል የመጣ ሁሉ፣ ሳሏን ሰምቶ።
የሰርግ መጥሪያ አትማለሁ፣ የሙት ዓመት ወረቀት፣
ደረሰኝ በጥራዝ፣ የዳቦ ቤት ምልክት፤
ምርጫ ሲመጣ ደግሞ የሰው ፊት አትማለሁ፣
ገና ሳይመረጥ ቀለሙን ዐውቃለሁ።

በግንቦት ማለቂያ አቶ ልሳነወርቅ መጡ፣
አዲሱን ኮት ለብሰው፣ የሰፊውን ጠመኔ ከትከሻው ሳያወጡ።
«የነጋዴው ማኅበር ፕሬዚዳንት ልሆን ነው፤
አምስት መቶ ፖስተር። የኔ ፊት በግራ ነው።
በቀኝ ባዶ ተውልኝ፤ የምክትሌን ፎቶ
ማታ አመጣለሁ» ብለው ሄዱ፣
ቀብዱ ከኪሳቸው በሁለት ጣት ወጥቶ።

ማታ መጡ። ፎቶው የአቶ ጉልላት ነበር፣
ቆርቆሮ የሚያስመጣ፣ ግማሽ መርካቶን የሚያበድር።
«የወረቀቱን ራሱ ይከፍላል» አሉ፤ ደስ አላቸው።
ጠዋት ግን ስልክ ደወሉ፤ ደክሞት ነበር ድምፃቸው፦
«አውጣው። ሰውዬው በግራ እኔ ልሁን አለ።»
የከፈለ ሰው መቼ በቀኝ በኩል ዋለ?

ሐሙስ ሌላ መጣ፤ አቶ ኤርገኖ የሚሉት።
«ከአውቶቡስ ተራ ያለው ድምፅ ሁሉ የሱ ነው፤ ለሚዛን ይሆናል» አሉት።
ሰውን እንደ ኪሎ ድንጋይ ነበር ያነሡት።
ድንጋይ ግን አፍ የለው፤
ኤርገኖ ዓርብ በስብሰባ ሲናገር፣ አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ ሰሙት፣
እሱንም አወጡት።

ቅዳሜ የወይዘሮ ትርንጎን ሰጡኝ፣ የሒሳብ ሹሟን፤
ፎቶ ስትነሣ እንኳ አላወለቀችም መነጽሯን።
ራሷ መጣች፣ የፊደል ግድፈት ልታይ፤
ሦስት አገኘችልኝ፣ አንዱ በእሳቸው ስም ላይ።
ከዚያ ዞር ብላ፣ እኔ እየሰማሁ፦ «ጋሼ፣
ያላመንኩበት ቼክ ቢመጣ፣ ከርስዎም ቢሆን፣ አልፈርምም ተለሳልሼ።»
እሳቸው ሳቁ። ሳቁ ግን ከጉሮሮ አላለፈም፤
ማስመሪያዬን አንሥተው ፎቶዋን ከፎቷቸው ጎን ለኩ፤
«ትንሽ ገዘፈች» አሉ። እኔ አላገዘፍኳትም።

ያን ሌሊት መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሼ ተቀመጥኩ፤
ባዶውን ክፈፍ ሳየው፣ ሳየው አመሸሁ።
ሰው ምክትል ሲፈልግ ጥላ ነው የሚፈልገው፦
ከጎኑ የሚቆም፣ እኩለ ቀን ላይ ግን የማይታይ ሰው።
ከኔ አይብለጥ፣ እንዳይጋርደኝ፤
ከኔም አይነስ፣ እንዳያሳፍረኝ፤
ብሞት ይተካኝ፣ ሞቴን ግን አይመኝ፤
ይህን ሁሉ ያሟላ ፊት በየትኛው ፎቶ ቤት ይገኝ?

ሰኞ ተገኘ።
አቶ መንበሩ ይባላል፣ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣
ከስብሰባ የማይቀር፣ ተናግሮ የማያውቅ አንዴ።
ፎቶው እንኳ ዝም ይላል፣ ቀለም የሚሸሸው ይመስላል፤
«ስምህ ከላይ ይሁን ከታች?» ስለው «እሳቸው እንዳሉት» ይላል።
አምስት መቶው ታተመ። ከድልድዩ እስከ ማዘጋጃ ቤት
ግድግዳው ሁሉ ጥንድ ፊት።
ተመረጡ።
ቀሪ ሒሳቤን ግን በሦስተኛው ወር ነው የከፈሉት።

ዘንድሮ፣ ወረቀት በእጥፍ ተወድዶ፣ ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ፣
በሩን ገፋ አንድ ሰው፤ ትከሻው ላይ ጠመኔ አለ።
አቶ መንበሩ። ብቻውን። ድምፅ አውጥቶ አሁን፦
«አንድ ሺህ ፖስተር» አለኝ። «እኔ በግራ። በቀኝ ባዶ ይሁን።»

ከመቁረጫው በላይ የትርንጎ ፎቶ አለ፣ ያልታተመው፣
በመርፌ ቁልፍ የሰካሁት፣ ለምን እንደሆነ ያልገባኝ፣ ያልጣልኩት ነው።
አየው። ቆይቶ አየው።
ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ሄደ
ወደ ማስመሪያው።